ወይዘሮ ማይሙና እና የልጃቸው ፍሬን

ነጋዴ ሆኖ መራጭ ገዥ ያልገጠመው ሰው ገና ሱቁን አልከፈተም ማለት ነው። መራጭ የሌለበት ገበያ የለም። ድሬዳዋ ቀፊራ ውስጥ አለ፤ ሐረር ሸዋ በር አለ፤ መርካቶም አይጠፋም። ሚዛኑን ትቶ ሚዛኑን የያዘውን እጅ የሚያይ፣ ከላይ ያለውን ገፍቶ ከሥር የሚቆፍር፣ የሥሩን ሲያገኝ ደግሞ የላዩ ይሻል ነበር የሚል ሰው ነው። ሐኪሙን ሳይመርጥ አይታመምም፤ መቃብሩንም አገላብጦ ሳያይ የሚገባበት አይመስለኝም።

ጅቡቲ ከዚህ ጸጋ የደረሳት ድርሻ ክብርት ወይዘሮ ማይሙና ናቸው።

ወይዘሮ ማይሙና ካርቲየ 5 በሚባለው የጅቡቲ ሰፈር ውስጥ የሴት ልብስ ጨርቅ ይሸጣሉ። እንደኔው የድሬዳዋ ልጅ ናቸው። ባቡሩ ደህና በሚሠራበት ዘመን ለነጋዴ ተድረው መጡ፤ ባላቸው ሲሞት ሱቁንና አንድ ልጃቸውን ረምዚን ይዘው ቀሩ። በኛ በድሬዎች ደንብ ትልቁንም ትንሹንም «አንተ»፣ «አንቺ» ብንለው ማንም አይቀየምም። እሳቸውን ግን «አንቺ» የሚል ሰው ሰምቼ አላውቅም። አንድ ቀን ልድፈረው ብዬ አፌን ከፍቼ፣ የወጣው «እትዬ» ነው።

ሽንኩርት ሲገዙ አንድ በአንድ ነው። እያንዳንዱን በአውራ ጣታቸው ጫን ያደርጉታል፣ ያሸቱታል፣ አንዳንዱን ወደ ጆሯቸው ያስጠጉታል፤ ምን እንደሚነግራቸው እንጃ። ሐብሐብ ሲያንኳኩ መንገደኛ ቆሞ ያዳምጣል። ባሕሩ ዳር፣ ራስ ዲካ በኩል ዓሣ የሚያወርዱት አጥማጆች ከሩቅ ሲያዩዋቸው ጥሩ ጥሩውን ዓሣ ይደብቃሉ፤ ሊነፍጓቸው አይደለም፣ ቶሎ እንዲሄዱላቸው ነው። አልተሳካላቸውም። መድኃኒት ቤት ገብተው የራስ ምታት ክኒን ሲሰጧቸው እንኳ የዘወትር ጥያቄያቸውን መጠየቃቸውን ባለመድኃኒቱ ራሱ ነግሮኛል። ጥያቄው ይህች ናት፦ «ከኋላ ያለው የለም?»

ነጋዴ ሁሉ መጥፎውን ከፊት፣ ደህናውን ከኋላ እንደሚያስቀምጥ እርግጠኛ ናቸው። ይህን እርግጠኝነት ከየት እንዳገኙት የሳቸውን ሱቅ ያየ ሰው ያውቃል። እሳቸው ሱቅ ውስጥ መምረጥ ክልክል ነው። ገዥዋ እጇን ወደ መደርደሪያ ስትዘረጋ «ለመልክሽ የሚሆነውን እኔ አውቃለሁ» ብለው ያወረዱላትን ይዛ ትወጣለች።

የሰፈሩ ነጋዴዎች «መራጭ ይወድቃል ከምራጭ» እያሉ ራሳቸውን ያጽናናሉ። እሳቸው ፊት ግን አይሏትም። ሐረሪኛ፣ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ሶማልኛና የገበያ ፈረንሳይኛ ይችላሉ፤ በአንዱም ተከራክሮ የረታቸው የለም። ሽንኩርት ሻጩ ሲመጡ ካየ፣ ሰዓቱ ገና ቢሆንም ለሶላት ይነሳል።

እኔ አብዱላሂ ግን ይህ ሁሉ ሲሆን ከሩቅ እስቅ ነበር። ካርቲየ 6 ውስጥ የመኪና መለዋወጫ ነው የምሸጠው። ወይዘሮ ማይሙና መኪና የላቸውም፤ በእግራቸው ነው የሚሄዱት፤ ታክሲ ቢቸግራቸው እንኳ ሦስቱን አሳልፈው አራተኛው ላይ ነው የሚወጡት። የኔ ሱቅ ደጃፍ ምን ያደርግላቸዋል እያልኩ በሰላም እኖር ነበር።

እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለት ሺህ ስምንት ግድም ይመስለኛል፣ ለቀትር ልዘጋ መዝጊያውን ስስብ አንዲት ጃንጥላ ከሥር ገብታ አስቆመችኝ። እሳቸው ነበሩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ልጃቸው ረምዚ ወደብ አካባቢ ትራንዚት ቢሮ የሚሠራ ጨዋ ልጅ ነው። ድምፁ አይሰማም፤ መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ጎንበስ ብሎ ነው ሰላም የሚለኝ። ይሄው ልጅ አሮጌ ኮሮላ ገዝቷል። አርብ አርብ ጠዋት ደግሞ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ፈረንሳዮች ትተውት የሄዱት አንድ አሮጌ የአውሮፕላን ማኮብኮቢያ ላይ ከጓደኞቹ ጋር ይሽቀዳደማል። በማኮብኮቢያው ጫፍና ጫፍ በርሜል ተደርድሯል። ከዚያ እዚህ ያለ የሌለ ፍጥነታቸውን ይዘው ይበራሉ፣ በርሜሉ ጋ ሲደርሱ ፍሬን ይዘው ይዞራሉ፣ እንደገና ይበራሉ። በአንደኛው ጫፍ ከበርሜሉ ወዲያ አስፋልቱ ያልቅና ጎርፍ የቦረቦረው ገደል ይጀምራል። እናቱ ይህን የሰሙት ጨርቅ ልትገዛ ከመጣች ሴት ነው።

ማንኛዋም እናት ብትሆን ቁልፉን ትቀማው ነበር ብዬ አሰብኩ። ይህንኑም አልኳቸው።

«አትሂድ ብዬ ብከለክለው ደብቆ በሰው መኪና ይሄዳል» አሉ። «መሄዱ የሱ ነው። መቆሙ ግን የኔ ነው። የሚያቆመው ዕቃ የቱ ነው?»

መዝጊያውን መልሼ ከፈትኩ። የሚያቆመው የፍሬን ሸራ ነው ብዬ፣ ለኮሮላ የሚሆን ከሦስት ፋብሪካ የመጣ ሦስት ካርቶን ባንኮኒው ላይ ደረደርኩ። እዚህ አገር ጋራዥ ውስጥ ፕላኬት ይሉታል፤ ዲስኩን ግራና ቀኝ ጨምቆ ጎማውን የሚያቆም፣ ጀርባው ብረት የሆነ የመዳፍ ግማሽ የሚያህል ነገር ነው። ሰው መጥቶ ስሙን ይጠራል፣ እሰጠዋለሁ፣ ይሄዳል። እሳቸው ግን ሸራውን እንደ ሽንኩርቱ አሸተቱት። በቀለበታቸው ፋቁት። ሁለቱን በሁለት እጃቸው ይዘው ክብደታቸውን አመዛዘኑ። ባንኮኒው ላይ አንኳኩተው ድምፁን ሰሙ። ከዚያ ሲግልም ያቆም እንደሆነ ጠየቁኝ።

ይህን ጠይቆኝ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ታክሲ ነጂ የሚጠይቀኝ ስንት ጊዜ ይቆያል ብሎ ነው። ሁሉም ጥሩ ናቸው፣ ሲግልም ያው ነው አልኳቸው። ሸራዎቹን በየካርቶናቸው መለሷቸው።

«ሁሉም ጥሩ ነው የሚል ነጋዴ አንዱንም አያውቀውም» ብለው ወጡ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ከየሱቁ ነው የሰማሁት። ክብርት ወይዘሮ ማይሙና በከተማው ያለ መለዋወጫ ሱቅ አንድም አላስቀሩ። ጠዋት የራሳቸውን ሱቅ ለሠራተኛቸው ይተዉና ጃንጥላቸውን ይዘው ይወጣሉ። «ሲግል ይከዳል ወይስ አይከዳም?» ይላሉ። አንዱ ዐረብ ነጋዴ አይከዳም ብሎ በአላህ ማለ፤ መሐላውን ተቀብለው ሸራውን መለሱለት። ከሱቅ ሱቅ የሚዞሩ ደላሎች፣ መንግሥት ፍሬን የምትመረምር ሴት ቀጥሯል ብለው እስከማውራት ደረሱ።

በመጨረሻ ያረፉት ከኔ ሱቅ ጀርባ ያለው የቡልቻ ጋራዥ ነው። ቡልቻ ትዕግሥቱ እንደ ግመል የሆነ መካኒክ ነው፤ ሰው እያዋራው ሞተር ይፈታል። እሳቸው ጎማ ላይ ተቀምጠው ሲጠይቁት ዋሉ፤ እሱም መኪና ሥር ተኝቶ ሲመልስላቸው ዋለ። ተራው ሸራ ለከተማ የተሠራ ነው፣ ሜዳ ላይ ደጋግመው ሲረግጡት ይቃጠልና አልይዝም ይላል አላቸው። ለውድድር ተብሎ የሚሠራ ሌላ አለ፤ እሱ ቢግል አይደነግጥም አላቸው። ቡልቻ ሸራው ሲበርደው ስለሚሆነውም ነግሬያቸዋለሁ ይላል። እሳቸው አልነገረኝም ይላሉ። ይህ ክርክር እስከዛሬ አልተቋጨም።

የውድድሩን ሸራ ከዱባይ የሚያመጣ ነጋዴ ተገኘ። ቀይ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ መልኩም ያምራል። ወይዘሮ ማይሙና ሁለት አንድ ዓይነት ካርቶን አስመጥተው አንዱን መረጡ፣ ሌላውን መለሱ። ሐሙስ ከሰዓት ቡልቻ ገጠመው። ማታ በሱቄ ደጅ ሲያልፉ፣ ጉዳዩ አለቀ፣ ከተማው ውስጥ ካለው ሁሉ ምርጡ ልጄ ጎማ ላይ ነው ብለው ነገሩኝ። እንዲህ ረክተው አይቻቸው አላውቅም።

አርብ ጠዋት ረምዚ መኪናውን ከቤት አወጣ። የሰፈራቸው መንገድ ወደ ዋናው ጎዳና የሚገባው ቁልቁል ነው። መታጠፊያው ላይ ኻሊዳ የምትባል ሴት ጠረጴዛ ዘርግታ ያን ረጅሙን የፈረንሳይ ዳቦ ትሸጣለች። ረምዚ ታጠፈ፣ ፍየል ገባበት፣ ፍሬን ያዘ፤ ፍሬኑ እምቢ አለው። ፍየሏ አመለጠች። ጠረጴዛው ግን ተሰበረ። ኻሊዳ ዘላ ባትወጣ እግሯ ብቻ አይሆንም ነበር የሚጎዳው። ቁርጭምጭሚቷ እዚያው አበጠ። ዳቦው መንገዱን ሞላው፤ ፍየሏም ተመልሳ መጣች።

ወይዘሮ ማይሙና ነጠላ ጫማ ሳያደርጉ ነው የወጡት። ኻሊዳን ደግፈው ቤታቸው አስገቡ፣ ሐኪም አስመጡ። በማግስቱ አዲስ ጠረጴዛ ተዘርግቶ፣ ከጠረጴዛው ኋላ ራሳቸው ተቀምጠው አየሁ። የኻሊዳ እግር እስኪድን ጠዋት ጠዋት ዳቦዋን ሸጡላት። ሰው ዳቦ ሲገዛ ትኩስ መሆኑን ለማየት ጨበጥ ጨበጥ ማድረጉ የታወቀ ነው። እሳቸው ዘንድ የጨበጠ ሰው የጨበጠውን ይዞ ይሄዳል። ኻሊዳ በመስኮት እያየች ደንበኞቼን ሊጨርሱብኝ ነው ብላ ትጨነቅ ነበር። ዳቦው ግን ከወትሮው ቀድሞ ያልቃል፤ የሰፈሩ ሰው ወይዘሮ ማይሙና ሲሸጡ ለማየት ይሰለፋል።

በዚያው ሳምንት ሱቄ መጡ። ሊከሱኝ መስሎኝ ነበር፤ ያን ቀዩን እንዳልሸጥኩላቸው አፌ ላይ አዘጋጅቼ ጠበቅኳቸው። እሳቸው ግን ቡልቻን ጥራልኝ አሉኝ። መጣ፤ በጨርቅ እጁን እየጠረገ አስረዳቸው። ያ ሸራ ካልጋለ አይይዝም። ጠዋት ከቤት ሲወጣ ብርድ ነው፣ እንጨት ማለት ነው። ሜዳው ላይ ደጋግመው ረግጠውት ሲሞቅ ነው ሸራ የሚሆነው።

«ታዲያ ጥሩ አይደለም ማለት ነው» አልኩ እኔ፣ ነገሩን ለማቅለል።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ኻሊዳን ሊገድላት የነበረውን የመረጥኩት እኔ ነኝ።» ጃንጥላቸውን አንስተው ሄዱ። የዚያን ቀን ስለ ኋላ መደርደሪያ አልጠየቁኝም፤ መጥፎ ምልክት ነው ብዬ ለሚስቴ ነገርኳት።

ሁለት አርብ ካለፈ በኋላ መጥተው በፒክአፕህ ሜዳው ድረስ ውሰደኝ አሉኝ። እምቢ የሚባል ነገር አልነበረም።

የማኮብኮቢያው ኃላፊ ሮብሌ ነው፤ ድሮ የጭነት መኪና ይነዳ የነበረ ሶማሌ፣ አሁን ባንዲራ የሚያውለበልብ። ወይዘሮ ማይሙና ሰላምታውን ተቀብለው ቀጥታ ወደ ሩቁ ጫፍ፣ በርሜሉ ወዳለበት መሄድ ጀመሩ። ሮብሌ ሮጦ ደረሰባቸውና ያ ሰው የሚቆምበት ቦታ አይደለም አላቸው። ሰው የማይቆምበት ቦታ ከሆነ ልጄን ለምን ወደዚያ ትሰዳለህ ብለው በሶማልኛ መለሱለት። ሮብሌ ከበርሜሎቹ ራቅ ብሎ አንድ ድንጋይ ላይ አስቀመጣቸው፣ እሱም አጠገባቸው ቆመ።

ከጃንጥላው ሥር ሆነው አንድ በአንድ ያዩ ነበር። ማን ቀድሞ ይረግጣል፣ ማን ዘግይቶ፤ የማን ጎማ ይጮሃል፣ የማን ያጨሳል። መኪና በቆመ ቁጥር ሄደው ያሸታሉ። ሹፌሮቹ መጀመሪያ ሳቁ፤ በኋላ ግን የማን እናት እንደሆኑ ሳይጠይቁ ተራ በተራ ስለ ሸራቸው ያስረዱ ጀመር። ረምዚ ብቻ አንገቱን ደፍቶ ከመኪናው ኋላ ተደብቋል። ከኻሊዳ አደጋ በኋላ ቀዩን አስወጥቶ ተራውን ሸራ አስገጥሟል። ተራው ሸራ ከኔ መደርደሪያ የወረደ ነው።

የረምዚ ተራ ሲደርስ እናቱ በሩን ከፍተው ጎኑ ተቀመጡ።

ረምዚ ለመነ፣ ሮብሌ ለመነ፣ እኔም ለመንኩ። የማየው ነገር አለኝ አሉ። ሮብሌ ሄልሜት አመጣ። ሁለት አመጣ፤ አንዱን መርጠው ከሻሻቸው በላይ አጠለቁት።

የመጀመሪያው ዙር ላይ ረምዚ እናቱን ሐኪም ቤት እንደሚያደርስ ሰው ነበር የሚነዳው። ሁለተኛው ላይ ግን ኮሮላው ተወነጨፈ። በኋላ እንደሰማሁት «እኔ ሳልኖር እንደምትነዳው ንዳ» ብለውታል። ሄዱ፣ መጡ፣ ሄዱ፣ መጡ። በዞሩ ቁጥር የጎማው ጭስ እየወፈረ ሄደ። የተቃጠለ ሸራ ሽታ እኔ የቆምኩበት ደረሰ። ሮብሌ ባንዲራውን አንስቶ አቁም ብሎ ሲያውለበልብ፣ መኪናው በፊቴ አልፎ ወደ ገደሉ ጫፍ እየሄደ ነበር።

ፍሬን ሲይዝ የኋላ መብራቱ ሲበራ አየሁ። መብራቱ በርቷል፤ መኪናው ግን አይቀንስም። በርሜሎቹን በታትኖ አለፈ፣ አቧራ ዋጠው። ከዚያ ወዲያ አልታየኝም። እየሮጥኩ አንድ ነጠላ ጫማዬ የት እንደቀረ አላውቅም። የምሸጠውን ዕቃ በስሙ ሳስታውስ ነበር፤ ካርቶኑ፣ ቀለሙ፣ መደርደሪያው ላይ የነበረበት ቦታ።

አቧራው ሲገለጥ ኮሮላው አንድ በርሜል ሆዱ ሥር አስገብቶ፣ ከገደሉ አፍ መለስ ብሎ ቆሟል። ያቆመው በርሜሉ ነው፣ የኔ ሸራ አይደለም። ረምዚ መሪውን እንደያዘ ቀርቷል። ረግጬ ነበር፣ እስከ መጨረሻው ረግጬ ነበር፣ ፔዳሉ ድንጋይ ሆነብኝ እያለ ይደጋግማል።

እናቱ ሄልሜታቸውን አውልቀው ሻሻቸውን አስተካከሉ።

«አውቃለሁ» አሉት። «መንገዱን አላየሁም፤ እግርህን ነበር የማየው። ረግጠሃል።»

ልጁ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰው። እኔም ፊቴን አዙሬ በርሜል አቃናሁ።

ሁላችንም የጠበቅነው አንድ ነገር ነው። ከዛሬ በኋላ ይህን ሜዳ ብትረግጥ ብለው ይምሉበታል ብለን ነበር። እሳቸው ግን በርሜል ላይ ተቀምጠው ውሃ ጠጡና ቡልቻን አስጠሩት፤ ሰው መኪና ይዞ ከተማ ድረስ ሄዶ አመጣው። ብርድም ሙቀትም የሚችል አንድ የለም ወይ ብለው ጠየቁት። ቡልቻ በመሐል ያለ አለ፣ ለሁለቱም መካከለኛ ነው አላቸው። «መካከለኛ» የሚለውን ቃል ሲሰሙ ያሳዩትን ፊት መግለጽ አልችልም። እንግዲያው ሁለት ነው የሚያስፈልገው፣ ለመንገድ አንድ፣ ለሜዳ አንድ፣ እዚህ ሲደርሱ መቀየር፣ ሲመለሱ መቀየር ነው፣ አለ ቡልቻ።

ወይዘሮ ማይሙና ዕድሜያቸውን ሙሉ አንዱን ለማግኘት ሌላውን ሲጥሉ የኖሩ ሴት ናቸው። ሁለቱን መውሰድ ለሳቸው ሽንፈት ነው። ረምዚ ደግሞ ማንም እንደዚህ አያደርግም፣ ይስቁብኛል ብሎ አጉረመረመ።

«ይሳቁ» አሉ። «ሲስቁ እሰማቸዋለሁ፤ አንተንም አይሃለሁ።»

ከዚያ አርብ ጀምሮ የሜዳው ትርኢት ይህ ሆነ። ረምዚ ይመጣል፤ መኪናውን በክሪክ ያነሳል፤ ከቡልቻ ጋር የፊቱን ሁለት ጎማ ፈትተው ተራውን ሸራ ያወጣሉ፣ ቀዩን ያስገባሉ። ወይዘሮ ማይሙና ጃንጥላቸውን ዘርግተው ጎማ ላይ ተቀምጠዋል፤ ቡሎኑ መጥበቁን በዓይናቸው ይቆጥራሉ። ከዚያ ልጁ እስኪሞቅ ድረስ ቀስ እያለ እየረገጠ ይዞራል። ሌሎቹ በአጠገቡ እየበረሩ ያልፉታል፣ ይስቃሉ። ሲሞቅ ግን ዘግይቶ ረግጦ ቀድሞ የሚዞር እሱ ነበር። ውድድሩ ሲያልቅ ጎማው እስኪቀዘቅዝ ተቀምጠው ይጠብቁና መልሰው ይቀይራሉ። ለጁምዓ ሶላት እንዳይዘገዩ ቡልቻ ሲቻኮል እሳቸው አይቻኮሉም። ዓመቱ ሳያልቅ ክሪክ ይዞ የማይመጣ ሹፌር ጠፋ። ሮብሌም ለቅያሪው ብሎ ድንኳን ተከለ፤ ድንኳኑ የተተከለበትን ቦታ ማን እንደመረጠ መናገር አያስፈልገኝም።

ረምዚ አንድ ሁለቴ አሸነፈ፣ ብዙ ጊዜ ተሸነፈ። እናቱ ማን ቀደመ ብለው ሲጠይቁ ሰምቼ አላውቅም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ጥቂት ዓመት ሄደ። በኋላ ማኮብኮቢያው ለመጋዘን ተፈለገና ታጠረ። ረምዚ አግብቶ ዱባይ ሥራ አገኘ። ኮሮላውን ሲሸጥ ገዥውን የመረጡት እናቱ ናቸው፤ ከመጡት ሰዎች መሐል ቀስ ብሎ የሚናገረውን። ከዚያ በኋላ ወይዘሮ ማይሙናን ሱቄ የሚያመጣ ምክንያት አልነበረም። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኛል ብዬ ነበር።

ከወራት በኋላ አንድ ቀን በሱቄ ደጅ ሲያልፉ ፀሐዩ በረታባቸውና ገብተው ዘይት ጣሳ ላይ አረፍ አሉ። እዚያው እያሉ አንድ ሹፌር የፍሬን ሸራ ሊገዛ ገባ፤ ርካሹን ስጠኝ አለኝ። እጄን ስዘረጋ ከጥግ ድምፅ መጣ። የት የት እንደሚነዳ ጠየቁት። ከአርታ ቁልቁለት ሰው ጭኖ ይወርዳል። ስንት ልጅ እንዳለው ጠየቁት፤ ነገራቸው። ያንን መልስና ከኋላ ያለውን አምጣለት አሉኝ። ሹፌሩ እኔን አየኝ፤ እኔም ካርቶኑን አወረድኩለት። በሌላ ሳምንት ደግሞ መጡ። ቀስ በቀስ ልማድ ሆነ። አንዳንድ ገዥ አኩርፎ ይወጣል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሴትየዋ አሉ ወይ ብሎ ከበር ይጠይቃል።

የዘይት ጣሳ ላይ መቀመጣቸው ደስ አላለኝምና ወንበር ገዛሁ። ተቀመጡበት፣ ግራና ቀኝ ነቅነቅ አሉ፣ አንድ እግሩ ያነክሳል አሉ። በዚያ ሐሩር ወንበሩን ራሴ ላይ ተሸክሜ ካርቲየ 6ን አቋርጬ መለስኩት። ባለሱቁ ትናንት ራስህ መርጠህ የወሰድከው አይደለም እንዴ አለኝ። ለኔ አይደለም አልኩት። ያሉትን ሁሉ አስወርጄ፣ ገልብጬ፣ ሲሚንቶው ላይ እያቆምኩ ነቀነቅኳቸው። የሰውየው ፊት ሲጠቁር ይታየኝ ነበር፤ ግን አላቆምኩም። ሁለተኛውን ሳመጣ ተቀምጠውበት ምንም አላሉም። እሳቸው ምንም ካላሉ ምስጋና ነው።

ባለፈው ጊዜ የልጅ ልጃቸው ተወልዶ ረምዚ ዱባይ ወሰዳቸው። መቼ እንደሚመለሱ አልነገሩኝም፤ ገና አውሮፕላኑን ሲመርጡ ነበር የተለያየነው። እሳቸው በሄዱ በሳምንቱ አንድ ባለታክሲ ሱቄ ገባ፤ ላቡ ይንጠባጠባል፤ ካርቶኑን እስካወርድለት ብሎ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ።

«ተነሣ ወንድሜ» አልኩት፣ «ሰው አለበት።»

ሰውየው ብድግ አለና ሱቁን ዙሪያውን አየ። ከሁለታችን በቀር ማንም አልነበረም።